መብራት ሲመጣ የሚጮኸው ማሽን

አባቴን በቀበርን በሦስተኛው ቀን፣ በሰልስቱ፣ ቤታችን በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ የአባቴ ማሽን በራሱ መጮኽ ጀመረ።

ረፋድ ላይ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ሴቶቹ ከእናቴ ጋር ፍራሽ ላይ፣ ወንዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ንፍሮ በሰፌድ ይዤ በሰው ጉልበት መካከል እየተሽሎከለክሁ አድላለሁ። ወሬው ዝቅ ብሏል፤ ለቅሶውም ደክሟል። ድምፁ የመጣው ከጓዳው በር አጠገብ፣ አባቴ ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት ጥግ ነው። መጀመሪያ ከወለሉ ሥር የሚወጣ የሚመስል ጉርምርምታ ሆነ። ከዚያ ወፍራም፣ ያልተቆራረጠ፣ እንደ በገና ወፍራም አውታር ያለ አንድ ድምፅ። ትንፋሽ አይወስድም። እየቆየም በጣም በዝግታ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር፤ ሸክም ይዞ ዳገት እንደሚወጣ ሰው።

«መጣ! ኧረ መጣ!» ብላ አንዲት የጎረቤት ሴት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አጠገቧ ያሉት ለቅሶውን እንደ አዲስ አነሱት። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ብድግ አድርገው «በስመ አብ» ካሉ በኋላ ዙሪያቸውን ተመለከቱና «የማን ስልክ ነው?» አሉ። ማንም አልሳቀም።

የተነሱት ጋሼ ነበሩ። ጋሼ የአባቴ የልብ ጓደኛ ናቸው፤ በወጣትነታቸው አባቴ ኪቦርድ ሲጫወት እሳቸው ድራም ይመቱ ነበር። «መብራት ነው! መብራት መጥቶ ነው!» እያሉ በሰው ላይ ተረማምደው ጥጉ ደረሱና ሶኬቱን ነቀሉት። ድምፁ ከመሃል ተቆረጠ።

እናቴ አልጮኸችም። ቀና ስል እጇ አየር ላይ ተዘርግቶ አየሁት። አንድን ሰው «ቆይ» ለማለት የሚዘረጋ እጅ ነበር። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ለትንሽ ጊዜ እንደዚያው ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ጉልበቷ ላይ ወረደ።

ነገሩ ተአምር አልነበረም፤ እኔም፣ እናቴም፣ ጋሼም ምክንያቱን እናውቃለን። በሰፈራችን መብራት ሲጠፋ ሰው የአንድ አምፖል ማብሪያ ሳያጠፋ ይተዋል፤ ሲመጣ እንዲያውቅ። በእኛ ቤት ያን ሥራ የሚሠራው የአባቴ ማሽን ነበር። ማሽኑ ጣት ከቁልፉ ቢነሳም ድምፁ እንዳይቆም የምታደርግ አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለችው። አባቴ መብራት ሲጠፋ እሷን ከፍ አድርጎ ትቶ ወደ ጓሮው ይወጣል። መብራት ሲመጣ ማሽኑ ይጮኻል፤ እናቴ ከጓዳ «ና፣ መጥራቱ ነው!» ትላለች፤ እሱም እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ይገባና ያጠፋዋል። የታመመ ዕለት ጠዋት የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጥሎ መብራት አልነበረም። ማብሪያዋን ከፍ አድርጎ «ሲመጣ ይነግረኛል» ብሎ ወጣ። አጥሩ ሥር ደረቱን ይዞ ተቀምጦ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሆስፒታል ደረሰ እንጂ አልተመለሰም። ትራንስፎርመሩ ተቀይሮ መብራት የመጣው በሰልስቱ ዕለት ነው። ማሽኑ እንደ ልማዱ ጠራው።

ምክንያቱን ማወቅ ፍርሃቱን አይቀንሰውም። እኔን ያስፈራኝ ድምፁ ራሱ አልነበረም። ያስፈራኝ ድምፁ እየጮኸ፣ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ የሚገባ ሰው አለመኖሩ ነው።

ማሽኑ ሲንተሳይዘር ነው፤ ዛሬ በየሰርጉ ከሚታዩት ቀላል ኪቦርዶች የቀደመ፣ አናሎግ የሚባለው ዓይነት። ግራና ቀኙ እንጨት፣ ፊቱ ጥቁር ብረት ሆኖ ከነጭና ጥቁር ቁልፎቹ በላይ ሃያ ሦስት ክብ መዘውሮች ተደርድረውበታል። በድሮው መንግሥት ጊዜ ከተማችን የኪነት ቡድን ነበራት። ማሽኑን ያመጣው ቡድኑ ነው፤ ከአዲስ አበባ፣ ከአንድ የሆቴል ሙዚቀኞች እጅ ይባላል። ቡድኑ ሲበተን ዕቃው መጋዘን ውስጥ ታጎረ። ከዓመታት በኋላ መጋዘኑ ሲጸዳ አዳዲሶቹ ኪቦርዶች መጥተው ስለነበር ይህን የፈለገው አልነበረም። አባቴ በጋሪ ጭኖ ወደ ቤት አመጣው።

ይህ ማሽን ከአሁኖቹ የሚለይበት ነገር አለ፤ ምንም አያስታውስም። በአሁኖቹ ኪቦርዶች ላይ ቁጥር ከተጫኑ የተዘጋጀ ድምፅ ይወጣል፤ ዋሽንት ቢሉ ዋሽንት፣ ክራር ቢሉ ክራር። በአባቴ ማሽን ግን ድምፁ የሚሠራው መዘውሮቹን በማዞር ነው። አንዱ ያወፍራል፣ አንዱ ያጣራል፣ አንዱ ያንቀጠቅጣል። የተገኘው ድምፅ ያለው መዘውሮቹ በቆሙበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ ልነካው ስል አባቴ እጄን ይዞ «አእምሮ የለውም፤ የሚያስታውሰው እኔ የተውኩበትን ቦታ ነው» ይለኝ ነበር።

ሌላም ጠባይ አለው፤ ብርድ አይችልም። ደብረ ታቦር ጠዋት ጠዋት ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ ጣት ያደነዝዛል፤ ማሽኑም ሲበርደው ድምፁ ወርዶ ይነሳና እየሞቀ ሲሄድ ወደ ትክክለኛ ቦታው ይወጣል። ይፋግ ለሰርግ ሲወርዱ ወዲያው ይሞቀዋል፤ አንበሳሜ ላይ ዳስ ውስጥ ነፋስ ከገባ ይወርዳል። ዘፋኙ በማይክ «ኪቦርድ፣ ወዴት እየሄድክ ነው?» ብሎ በሰው ፊት እንደ ገሠጸው ጋሼ ሁልጊዜ ያወራሉ። ስለዚህ አባቴ ከመጫወቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ድምፁን ዘግቶ፣ ጋቢ አልብሶ ያሞቀው ነበር። «አባትሽ ጋቢውን ከእናትሽ ገፎ ለማሽኑ የሚያለብስ ሰው ነው» ይሉኛል ጋሼ። እናቴ በዚህ ትስቃለች፤ ትስቅ ነበር።

ከሰልስቱ በኋላ እናቴ ከል ለበሰች። በኀዘን ቤት ደግሞ ሙዚቃ አይከፈትም፤ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ተዘጉ። ማሽኑን በአባቴ ጋቢ ሸፈንነው፤ ሶኬቱን ማንም አልመለሰውም። እንዲያም ሆኖ፣ በዚያ ዓመት መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሁለታችንም ቀና ብለን ወደ ጥጉ እናያለን። አምፖሉ ይበራል፣ ፍሪጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጋቢው ዝም ይላል። ከዚያ እንዳላየን ሆነን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። አንድ ቀን እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ሙት ዓመቱ ሲያልፍ፣ ከሌን ሳወልቅ፣ ያን ድምፅ አንዴ ልስማው» አለችኝ። «እሺ እማዬ» አልኳት። ሌላ ምንም አልጠየቅኋትም። ከእኔ የጠየቀችው ነገር በዚያ ዓመት ይኸው ብቻ ነው።

በመጸው እዚሁ ከተማችን ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ገባሁ። ሙት ዓመቱ የደረሰው ትምህርት በጀመርኩ ሰሞን ነው። እናቴ እህል ልታስፈጭ የወጣች ቀን ቤቱን ላጽዳላት አልኩ፤ ለፍትሐቱ የሚመጣው እንግዳ ብዙ ነው። ግድግዳ ጠረግሁ፣ መስኮት ወለወልሁ። ጋቢውን ገልጬ ሳይ ማሽኑ አቧራ ለብሷል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሥራ ስሠራ ሰው አይቶ «ጎበዝ» እንዲለኝ እወዳለሁ። በጥርስ ብሩሽና በእርጥብ ጨርቅ በየመዘውሩ ሥር ያለውን አቧራ አንድ በአንድ አወጣሁ። መዘውሮቹ ላይ ነጭ መስመር አለ፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ለዓይን አይመቹም ነበር። ሃያ ሦስቱንም መስመራቸው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንዲያይ አድርጌ አሰለፍኳቸው። ትንሿን ማብሪያም ወደ ታች አወረድኳት። ራቅ ብዬ አየሁት። ያምራል።

ጨርቁን በባልዲ ውኃ እያለቀለቅሁ ሳለ የአባቴ ቃል ትዝ አለኝ። የሚያስታውሰው እኔ የተውኩበትን ቦታ ነው። ውኃው ውስጥ ያለው እጄ በረደኝ። ባልዲው ውስጥ አንድ ዓመት የተቀመጠው አቧራ እየዘቀጠ ነበር።

ድምፁ ሌላ የትም የለም። በሰርግ ቪዲዮዎች ላይ ድራሙና የሰዉ እልልታ ውጦታል። ያን ድምፅ አባቴ የሚጫወተው ጠዋት ጠዋት ለብቻው፣ በላዩ የጾም መዝሙር ሲያንጎራጉርበት ነበር። ስልክ አውጥቶ የቀዳው የለም፤ ከሞተ በኋላ ደግሞ የኀዘን ቤት ነውና ማሽኑን ከፍተን አልቀዳነውም። ኀዘኑን ስላከበርን አንድም ቅጂ አልነበረንም። የነበረው ቅጂ እነዚያ ያዘነበሉ መስመሮች ነበሩ።

እናቴ ስትመለስ ቤቱን ዞራ አየች። ጋቢውንም ገለጥ አድርጋ አየች። ብዙ ቆማ አየች። «በርትተሽ ሠርተሻል» አለችኝና ዱቄቱን ልታስቀምጥ ገባች። ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ «በርትተሽ» ካለችኝ በኋላ ግን አልቻልኩም።

በማግስቱ «ማሽኑን ጋሼ ዘንድ ወስጄ ላስፈትሸው? አንድ ዓመት ተቀምጧል» አልኳት። ዓይኖቼን አየችና «ውሰጂው» አለች። በባጃጅ ጭኜ ወሰድኩት።

ጋሼ ከመናኸሪያው በታች ሬዲዮና ስልክ የሚጠግኑበት ጠባብ ሱቅ አላቸው። የሆነውን እያለቀስኩ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው መዘውሮቹን ተመለከቱ።

«አንቺ ተማሪ» አሉ፣ «ወታደር አድርገሽ አሰለፍሻቸው እኮ! ቀኝ ኋላ ዙር ብቻ ነው የቀራቸው።»

«ጋሼ፣ ድምፁን ያስታውሱታል አይደል? አጠገቡ ስንት ዓመት ተጫውተዋል።»

«እኔ ድራም ነው የምመታው። ድራም መቺ ጆሮ አለው ያለሽ ማነው?»

ግን ጥቂት አስበው ብሎኖቹን ፈትተው ክዳኑን አነሱት። ያረጀ ዘይትና የእንጨት ሽታ ወጣ። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የቴምብር ያህል የምትሆን ትንሽ ወረቀት ተለጥፋ አየሁ። በእርሳስ የተጻፈ የማላውቀው ፊርማና አንድ የማረሚያ ምልክት አለባት፤ እኛ ደብተር ላይ «ትክክል» ስንል የምናደርገው ዓይነት።

«ይህ ድምፁን ያስማማው ሰው ነው» አሉ ጋሼ። «ፋብሪካው ውስጥ እያንዳንዱን ማሽን አንድ ሰው ተቀምጦ በጆሮው ያስማማዋል። ሲጨርስ ይፈርማል። እኛም በተበላሸ ቁጥር እንከፍትና 'እንደምን ዋልክ' እንለው ነበር። አባትሽ 'ማሽኑን የዳረልኝ እሱ ነው' እያለ 'አማቼ' ይለው ነበር።»

ያን ሰሞን ከትምህርት ሰዓት ውጭ ስለ እነዚህ ማሽኖችና ስለ ሠሪዎቻቸው የማገኘውን ሁሉ አነበብኩ። የመጀመሪያዎቹ ግድግዳ የሚያክሉ ነበሩ፤ ድምፁ ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው በሽቦ ይሻገራል፣ እንደ ድሮ የስልክ ማዞሪያ ቤት። ከሠሪዎቹ ገና ተማሪ ሳሉ በወላጆቻቸው ቤት ምድር ቤት ሽቦ ማያያዝ የጀመሩ አሉ። አንዳንዶቹ «የፒያኖ ቁልፍ ከተገጠመበት ሰው የለመደውን ዜማ ብቻ ይጫወትበታል» ብለው ቁልፍ አልገጥምም አሉ። ጣሊያን አገር አኮርዲዮን ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች፣ ጃፓን አገር ኦርጋን ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች ወደዚህ ዞሩ፤ ግድግዳው ቀስ በቀስ አንድ ሰው የሚሸከመው ሳጥን ሆነ። ሁሉንም ያስጨነቃቸው ደግሞ ሙቀትና ብርድ ነው። የመድረክ መብራት ሲበራ ድምፁ ይሸሻል፣ በር ሲከፈት ይሸሻል። ይህን ለማስቆም ዓመታት ደከሙ። እንዲያውም ድምፅ አመንጪው ክፍል ሁልጊዜ በአንድ ሙቀት እንዲቆይ ውስጡ ትንሽ ማሞቂያ ያስቀመጡ ነበሩ። ይህን ሳነብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፤ አባቴ ጋቢ ነበር ያለበሰው። በመጨረሻ ሁሉን የሚያስታውሱ፣ ከቦታቸው የማይነቃነቁ ዲጂታል ማሽኖች መጡና የብዙዎቹ ፋብሪካ ተዘጋ። ፊርማዋን ሳስብ፣ የጻፋት ሰው ወንድ ይሁን ሴት፣ ይኑር ይሙት አላውቅም። ማሽኑ ግን የሁለት ሰው እጅ ይዞ ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ያስማማው ሰው እጅና የአባቴ እጅ። የአባቴን እኔ ጠርጌዋለሁ።

መፍትሔው የመጣው ጋሼ መዘውሮቹን ሊያጸዱ መርጫ ሲያነሱ ነው። ማሽኑን ከፍተው አንዱን መዘውር ቀስ ብለው ሲያዞሩት ድምፁ ንጹሕ ሆኖ ሄደ ሄደና አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ «ኮሽ፣ ኮሽ» አለ። ካለፉት በኋላ ደግሞ ጸዳ።

«ይህ ኮሽታ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ተበልቶ ነው። ከሥሩ ጥቁር መንገድ አለ፤ መዘውሩ ስታዞሪው በላዩ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የቆመበት፣ ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ የተነካካበት ቦታ ይበላል። የደጃፍ ድንጋይ አይተሽ የለም? ሁልጊዜ የሚረገጠው መሃሉ ነው። መርጫው ያጠፋልሻል።»

እጃቸውን ያዝኩት። የሽማግሌ እጅ በእንዲህ ያለ ድፍረት ይዤ አላውቅም። «አይርጩት ጋሼ፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ አይርጩት። አባቴ የነበረው እዚያ ነው።»

መርጫውን አስቀመጡት።

የሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። እያንዳንዱን መዘውር በዝግታ እያዞርን፣ ጆሯችንን አስጠግተን፣ ኮሽታውን ስናገኝ እናቆማለን። አንዳንዱ ሁለት ቦታ ላይ ይንኮሻኮሻል፤ ያኔ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው «ይኸኛው ለሰርግ ነው፤ ያኛው ለቤት» ብለው ይመርጣሉ። ጆሮ የለኝም ያሉት ውሸታቸውን ነው። የድምፅ ማጉያውና መቀነሻው መዘውር ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ይንኮሻኮሻል። «ይችማ እናትሽ ናት» አሉ፤ «'ቀንሰው፣ ኧረ ቀንሰው' ስትለው ነው የኖረችው።» እየሳቅሁ አለቀስኩ። በሁለተኛው ቀን ማምሻ ላይ መዘውሮቹ ሁሉ እንደ ድሮው ወዲያና ወዲህ አዘነበሉ። ጋሼ ትንሿን ማብሪያ ከፍ ሲያደርጉ ያ ድምፅ ወጣ። ያው ነበር። ወይም ያው መሰለኝ። ጋሼ ግን ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው መነጽራቸውን ይጠርጉ ጀመር። ክዳኑን ከመግጠማቸው በፊት ከማናውቀው ሰው ፊርማ ጎን በእርሳሳቸው አንድ የማረሚያ ምልክት አደረጉ።

ሙት ዓመቱ ተከናወነ፤ ፍትሐቱ ደረሰ፣ እንግዳው በልቶ ሄደ። በማግስቱ እናቴ ከሏን አወለቀች። ከአንድ ዓመት በኋላ በነጭ ቀሚስ ሳያት ከስታለች፤ ከሉ ደብቆት ነበር። ከሰዓት በኋላ ጋሼም መጡ። እኔ ሁሉን እንደ ደንቡ አዘጋጅቻለሁ። ካነበብኳቸው ጽሑፎች ሁሉ «ከመጫወት በፊት ይሙቅ» የማይል አልነበረም፤ አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ስለዚህ ድምፁን ዘግቼ፣ ጋቢ አልብሼ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አሞቅሁት። ከዚያ እናቴን ፊት ለፊቱ አስቀምጬ ድምፁን ከፈትኩ።

ወፍራሙ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ቀጥ ብሎ፣ ሳይነቃነቅ ቆመ። እናቴ ጠበቀች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ብዙ ጠበቀች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

«እሱ አይደለም።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩና ሁሉን ነገርኳት፤ ጨርቁን፣ የጥርስ ብሩሹን፣ ማሰለፌን፣ ጋሼ ዘንድ የሄድኩበትን እውነተኛ ምክንያት። «የአባዬን ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ እማዬ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ጋቢውን የገለጥኩ ጊዜ አይቼዋለሁ። አባትሽ በሕይወቱ ሁለት ነገር አሰልፎ አያውቅም፤ ጫማውንና እነዚህን። ዝም ያልኩት እስክትነግሪኝ ነው።» ፀጉሬ ላይ እጇን አሳረፈች። «ድምፁስ እሱ ነው። በትክክል እሱ ነው። ግን ያን ዕለት ይሄድ ነበር። ይኸኛው ቆሟል።»

«ይሄድ ነበር ማለትሽ?»

«ወደ ላይ ነዋ! ይወጣ ነበር። አንቺ አልሰማሽም? ሁልጊዜም መብራት ሲመጣ መውጣት ሲጀምር አባትሽ እየሮጠ ገብቶ ያጠፋዋል። በዚያን ዕለት የሚያጠፋው ስለሌለ ይወጣል፣ ይወጣል... የት እንደሚደርስ ልሰማ ስል» ወደ ጋሼ ዞረች፤ «ይህ ሰውዬ ነቀለብኝ።»

ጋሼ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «እቴ፣ እኔኮ ሰው እንዳይደነግጥ ብዬ ነው!»

«የደነገጠ የለም። እኔ ተቆጣሁ እንጂ።»

አንድ ዓመት ሙሉ የተዘረጋው እጇ ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። እኔ ስለ ድምፁ ዓይነት ስጨነቅ እሷ ስትጠብቅ የነበረው ፍጻሜውን ነው። በሰልስቱ ዕለት ማሽኑ አራት ቀን መብራት ሳያገኝ በርዶ ነበር፤ ስለዚህ ዝቅ ብሎ ተነስቶ እየሞቀ ወጣ። እኔ ለእናቴ ያሰማኋት ዳገቱን የጨረሰውን ነው። ሠሪዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሊያስወግዱት የደከሙበትን ጉድለት እኔም ደክሜ አስወግጄላት ነበር።

«ማቀዝቀዝ ነው ያለብን» አልኩ ብድግ ብዬ።

ሶኬቱን ነቀልነው። ጋሼ ጋቢውን ገፈው ትከሻቸው ላይ ጣሉና «ዛሬስ ለእኔ ተራ ደረሰኝ» አሉ። ማሽኑን ወደ ጉና በሚያየው መስኮት ሥር አድርገን መስኮቱን ከፍተን ተውነው።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ብረቱን ስነካው ጣቴ ላይ ተጣበቀ የሚያሰኝ ቅዝቃዜ ነበረው። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ መጣችና ከማሽኑ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሁለታችን ብቻ ነን። መብራቱ እንዳይጠፋ በልቤ እየለመንኩ ትንሿን ማብሪያ ከፍ አደረግኋትና ሶኬቱን ሰካሁት።

ከወለሉ ሥር ተነሳ። ከትናንቱ በጣም ዝቅ ያለ፣ ያ የሰልስቱ ጉርምርምታ። ከዚያ ወፍሮ መውጣት ጀመረ፤ በጣም በዝግታ፣ ካላዳመጡት በማይታወቅ ዝግታ። እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ስትጸልይ ይሁን ስታነጋግረው አልጠየቅኋትም። መጀመሪያ ጋሼ የነቀሉበት ቦታ ላይ ደረሰ፤ ሁለታችንም አወቅነው፤ እጇ ከጉልበቷ ላይ ትንሽ ተነሳ። ድምፁ ቦታውን አልፎ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁለታችንም ሰምተነው አናውቅም። በመንገድ በጎች የሚነዱ ሰዎች ለገበያ ሲያልፉ፣ የመስኮቱ መስተዋት ከድምፁ ጋር ሲርገበገብ፣ ፀሐይ የማሽኑን እንጨት ስትነካ እሱ ይወጣል። እርምጃው እያጠረ፣ እያጠረ ሄደ። በመጨረሻ መስተዋቱ መርገብገቡን አቆመ። ድምፁ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ትንሽ ጠበቅን።

«ደረሰ?» አለች እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ደረሰ እማዬ።»

«ቅርብ ነው ለካ» አለች። እንባዋ በጉንጯ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ «ማጥፊያው የቱ ነው?» ስትል ጣቷን ይዤ ትንሿ ማብሪያ ላይ አኖርኩላት። ራሷ አወረደቻት።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ከክፍል ስመለስ መብራት ጠፍቶ ነበር። እናቴ ጓሮ ጎመን ትቀነጥሳለች። መጽሐፌን ላስቀምጥ ገብቼ ማሽኑን ሳይ ጋቢው ተነስቷል፣ ሶኬቱ ተሰክቷል፣ ትንሿ ማብሪያም ከፍ ብላለች። ምንም አልነካሁም። አመሻሹ ላይ መብራት መጣ፤ ድምፁ ከሥር ተነሳ።

«እማዬ፣ መጥራቱ ነው!» አልኩ።

እናቴ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች ገባችና አጠፋችው።